ሶፋው የበላው ግድግዳ

ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

እኔ ምንይሉ፣ ዕድሜዬ ስልሳ ስምንት፣ አድራሻዬ ደሴ ከተማ ሆጤ፣ ሥራዬ ራፖር ጻፊ፣ ከዚህ በታች የሰፈረውን ማንም ሳያስገድደኝ በሙሉ አእምሮዬ መጻፌን አረጋግጣለሁ። (ሠላሳ አራት ዓመት ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ የሰው አቤቱታ የጻፈ እጅ በሌላ አጀማመር አይታዘዝም።)

ደብተሩን የላከችልኝ ልጄ ነፃነት ናት፤ ከኮምቦልቻ። "አባዬ፣ ብቻህን ከምታወራ ጻፍ" ብላ። አሁን ሁለቱንም አደርጋለሁ። ስጽፍ ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ፤ ባለጉዳይ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት የተጻፈለትን መስማት አለበት፣ እንዲህ ነው የለመድኩት። ባለቤቴ አባይነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አንተ ሰውዬ፣ ወረቀቱ ደንቆሮ ነው እንዴ?" ትለኝ ነበር።

የዛሬው ጉዳይ ደስታ ነው። የቤቴ እድሳት አለቀ። ነፃነት ደብተሩን ብቻ አይደለም፣ ኤል ሼፕ ሶፋም ልካልኛለች፤ ሦስት ወር ሙሉ በሸራ ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ ከርሞ ዛሬ ሳሎን ገባ። ሲገባ ትንሽ መሥዋዕትነት አስከፍሏል። ከጎረቤቴ ጋር የሚያዋስነኝ የጭቃ ግድግዳ ድርብ ነበር። አንድ ማገር በእኔ በኩል፣ አንድ ማገር በእሷ በኩል፣ መሀሉ ጭቃና ጭድ፤ ውፍረቱ ክንድ ሙሉ። ግንበኛው ይርጋ በሜትር ለካና "ጋሼ፣ ሶፋው በስንዝር ተኩል እምቢ አለ" አለኝ።

"ሶፋ አይቆረጥም። ግድግዳው ይቆረጥ።"

የእኔን በኩል ከነማገሩ ልጦ አወጣው። በቀረው ላይ ጂፕሰም ለቀለቀበት፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሙሽራ ቬሎ መሰለ። ሲወጣ በጣቱ ኳ ኳ አደረገውና "ትንሽ ቀለለ" አለ።

"ዘመናዊ ነገር ቀላል ነው" ብዬ ሳቅኩበት።

ሶፋው ዘጠኝ ሰው ይይዛል። ተቀመጥኩበት። የቀሩትን ስምንት ቦታዎች አየኋቸው።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሎንቺና ሳሎኔ ውስጥ ሞተር አስነሳ። ከአልጋ ወደቅኩ።

ሎንቺናው የሥርጉት የስፌት መኪና ኖሯል። ሥርጉት የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፤ ሃምሳን የተሻገረች፣ ከአባቷ በወረሰችው ቤት ብቻዋን የምትኖር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋ። ጴንጤ ናት፤ ሥራ ላይ መዝሙር ከአፏ አይለይም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ጎረቤታሞች ስንሆን የመኪናዋን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ሶፋ እስካስገባ ጠብቃ ጀመረችው። ምን በድያት ነው?

ሐምሌ 3

ለመዝገብ ያህል። 12፡30 መኪና። 1፡10 መዝሙር፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ይቆረጣል፣ ክር የምታቀይረው እዚያ ጋ መሆን አለበት። 2፡00 ማስነጠስ፣ ሁለት ጊዜ። "ይማርሽ" ከአፌ ሊያመልጥ ሲል ያዝኩት፤ ከተበዳይ ወገን እንዲህ ያለ ቃል ቢወጣ ነገሩን ያላላዋል። 4፡00 በስልክ ሳቅ። 7፡00 እንደገና መኪና።

የመዝሙሩ መጨረሻ ምን ይሆን?

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ዝናብ። የጦሳ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉሙን እንደተከናነበ ነው። ሰንበት ስለሆነ መኪና የለም።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ ሥርጉት "ጄኔራሏ" ተብላ ትጠራለች። በአንድ እግሯ መርገጫ ብቻ የእኔን ብርጭቆ፣ የእኔን መብራትና የእኔን ጥርስ አንድ ላይ የምታንቀሳቅስ ሴት ከዚህ ያነሰ ማዕረግ አይገባትም።

ራት ዳቦ በሻይ። ሽሮ መሥራት ሰልችቶኛል። ሁልጊዜ ያርርብኛል።

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ለሥራ ልወጣ በሩን ስከፍት ጄኔራሏ ድስት ይዛ ቆማለች።

"ጋሼ፣ ሽሮ ነው። እንዲያው ትንሽ በዛብኝ።"

"ምን አስቸገረሽ?"

"ኧረ ምንም። ያላረረ ነው።"

ያላረረ መሆኑን መናገር ለምን እንዳስፈለጋት አልገባኝም። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ ጥፋቷን ስለምታውቅ መደለያ ነው። በላሁት። መደለያ መብላት ሌላ፣ መደለል ሌላ።

ሐምሌ 11

ባጃጅ ስጠብቅ ጄኔራሏ በመስኮት ብቅ አለችና "ጄኔራሏ ደህና ይዋሉ ብላለች!" ብላ መስኮቱን ዘጋችው። እንግዲህ ጥሩ ቅጽል ስም ማለት ይህ ነው፤ ባለቤቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ነፃነት ደወለች። ስለ ጩኸቱ ነገርኳት። ትንሽ አጋነንኩ፤ ሥራዬ ነው።

"እንደሱ ከሆነማ ወደኛ ና፣ አባዬ። ክፍሉ ባዶ ነው።"

"የኮምቦልቻ ሙቀትስ?"

"ማራገቢያ እናስገባልሃለን።"

"ሥራዬስ?"

"ሰው እኮ አሁን በስልኩ ነው የሚጽፈው። በቀን ስንት ባለጉዳይ ይመጣልሃል?"

"ይበቃኛል።" (ዓርብ ዕለት አንድ መጣ። ሰዓት ጠይቆኝ ሄደ።)

"እሺ፣ እዚያ ማን አለህ?"

"ሶፋ አለኝ።"

  ቀጥላ "ለእንቁጣጣሽ እንመጣለን። እስከዚያ ጩኸቱ ካልቆመ ዕቃህን ጭነን ነው የምንመለሰው" አለችና ዘጋችው። አሁን ጉዳዩ የብርጭቆ መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። ወይ መኪናው ይቆማል፣ ወይ እኔ ኮምቦልቻ ማራገቢያ ሥር ተቀምጬ የልጅ ልጆቼን የቤት ሥራ ስጽፍ እኖራለሁ።

የደሴ ብርድ አይመችም የሚል ሰው ደሴን አያውቃትም።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ክሱ ተጻፈ። ከሥራዎቼ ሁሉ ይህን የሚስተካከል የለም። ቀንጭቤ ልገልብጠው፦

"አመልካች ጡረታ ያልወጣ ጸጥታ ወዳድ ዜጋ ሲሆን፣ ተጠሪ በስፌት መኪና፣ በመዝሙር፣ በሳቅና በማስነጠስ በመተባበር የአመልካችን አእምሮ ከሐምሌ 2 ቀን ጀምሮ ያለ ዕረፍት ትቀጠቅጣለች። መዝሙሩንም ሦስተኛው ስንኝ ላይ እየቆረጠች አመልካችን ቀኑን ሙሉ በጉጉት ታሰቃያለች።"

"ጉጉት" የሚለውን ሰርዤ "ጭንቀት" አልኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ቆሜ። "ትቀጠቅጣለች" ላይ ድምፄ ኮርኒሱን ነካ። ሳላስበው "አይ ክስ! ክስ ሲያምር!" አልኩ።

ወዲያ ማዶ ኮሽ ያለ ነገር የለም። ተኝታ ይሆናል። ነገ ቀበሌ አስገባዋለሁ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ዛሬ የሆነውን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ሻይ መጠጣት አስፈለገኝ።

ከጃንጥላዬ ሥር ተቀምጫለሁ። ዝናቡ ያካፋል። ጥላ የያዘች ሴት መጥታ ከፊቴ ያለው ኩርሲ ላይ ተቀመጠች። ቀና ስል ሥርጉት።

"ጋሼ፣ ሥራ ይዘዋል?"

"ጉዳይ ከሌለሽ ጥላሽን አጥፊው፣ ወረቀቴ ላይ እያንጠባጠበ ነው።"

"ጉዳይ አለኝ። መልስ ላስጽፍ።"

"የምን መልስ?"

"የክስ።"

"ማን ከሰሰሽ?"

"አንድ ጡረታ ያልወጣ ጸጥታ ወዳድ ዜጋ።"

ብዕሬ ከእጄ ወደቀ። እሷው አነሳችልኝ።

"ክሱ እኮ ገና አልገባም!" አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም።

"ይገባል፤ አብሽሩ። ተጽፎ አልቋል፣ ሦስት ጊዜም ተነቧል። ለእኔ ሁለተኛው ንባብ ነው ያማረኝ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ጮሁ።"

"ሌላ ጻፊ ጋ ሂጂ።"

"ሌላ ጋ ሄጄ ልሸነፍ? ከእርስዎ የሚበልጥ የለም። ትናንት ራስዎ ተናግረዋል።"

ሠላሳ አራት ዓመት ባለጉዳይ መልሼ አላውቅም። ሰው ገድያለሁ ያለኝን ጽፌለታለሁ። ወረቀት አወጣሁ። "ፍሬ ነገሩን ተናገሪ" አልኩ፤ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ።

"መኪናዬ እዚያ ግድግዳ ሥር ሃያ ሁለት ዓመት ቆሟል። ሶኬቱ እዚያ ነው፣ መስኮቱም እዚያ ነው፤ ሌላ የማቆምበት የለኝም። ዘንድሮ የተለወጠው መኪናው አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ጋሼ፣ ጻፊው እርስዎ ነዎት።"

ጻፍኩ። ምን ላድርግ፣ እጄ ጥሩ ነገር ሲያይ አይቆምም። "ተጠሪ ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ መኪና፣ በዚሁ ቦታ ስትሠራ አመልካች አንድም ቀን ድምፅ ሰምተው አያውቁም። ባለፈው ሰኔ ግን በራሳቸው በኩል የነበረውን ግድግዳ ለሶፋ ሲሉ አፍርሰው ስለጣሉ፣ በአሁኑ ሰዓት በመካከል ቆሞ የሚገኘው ግድግዳ የተጠሪ ብቻ ነው። አመልካች የሰው ግድግዳ ተደግፈው ሰው ረበሸኝ ማለታቸው..." እዚህ ላይ ቆምኩ።

"ማለታቸው ያስገርማል ልበል?"

"ያሳፍራል ይሻላል።"

"ያሳፍራል ከባድ ነው።"

"ትቀጠቅጣለች ቀላል ነበር?"

ያሳፍራል አልኩ። ከዚያ በደንቡ መሠረት ድምፄን አውጥቼ አነበብኩላት። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሰማ። አንድ ሰውዬ "ይሄ አመልካች ግን ምን ዓይነት ሰው ነው?" ሲል ሰማሁት።

ሥርጉት ፈርማ ወረቀቱን በፌስታል ጠቀለለችና ሄደች። ስንተያይ ሁለታችንም ሳቅ ይዞን ነበር መሰለኝ፤ ግን እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

ስለዚህ ደብተር አሰብኩ። ክሱን ሰምታለች፤ እሱ ይሁን፣ ጮክ ብዬ ነበር። ማስታወሻውን ግን አልሰማችም። ማስታወሻ የግል ነገር ነው። ለማንኛውም ከዛሬ ጀምሮ በልቤ ነው የምጽፈው።

ሐምሌ 22

እውነቱን ለመናገር ክሱን ልተወው ነበር። ኪሴ ውስጥ አጥፌ ይዤው ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ሰማኸኝ ደወለ።

"አቶ ምንይሉ፣ በመሠረቱ ለክስዎ መልስ ገብቷል። ክሱ ግን በመሠረቱ የለም።"

"አላስገባሁትማ።"

"መልሱ ማኅተም ተመትቶበታል። ክስ የሌለው መልስ በመሠረቱ በየትኛው ፋይል ይገባል? ዛሬውኑ ያምጡልኝ።"

አመጣሁለት። ፋይሉ ሞላለት፣ ደስ አለው።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ትእዛዝ ወጣ፦ ቦታው በአካል እስኪታይ ድረስ መኪናው ይቁም። የሚታየው ነሐሴ 8። ሰብሳቢው እስከዚያ ስብሰባ አለበት።

አሸነፍኩ።

ሐምሌ 26

12፡30። ጸጥታ። እንዴት ያለ ጸጥታ! እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ጠበቅኩ። እስከ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ።

ሐምሌ 28

አርፍጄ ነቃሁ። ሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ገባሁ። ባለጉዳይ ስላልነበረ ማንም አላየኝም።

መዝሙርም የለም። መዝሙር አልተከለከለም እኮ። ትእዛዙ በግልጽ መኪና ነው የሚለው።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ገባ። ፍርድ ቤቱም ለክረምት ዕረፍት ተዘጋ። ቤት ዋልኩ፤ ሶፋው ጥግ ላይ። (ለግድግዳው የቀረበው ጥግ መሆኑ አጋጣሚ ነው።)

ሥርጉት በስልክ ስታወራ ተሰማኝ። ከትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ጋር ነው።

"አብሽሩ፣ አደርሳለሁ... አይ፣ አልተበላሸም... በእጄም ቢሆን እሰፋለሁ... ኧረ ለሌላ ሰው እንዳይሰጡብኝ፣ በማርያም ልበልዎት፣ እርስዎ የማርያም ሰው ስለሆኑ። የዓመት ሥራዬ እኮ እሱ ነው... እሺ። እሺ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

ከዚያ መቀስ ብቻ። ክርት፣ ክርት።

ጎረቤቴ ከሰሰኝ አላለችም። አፏ ላይ ነበር፤ አላለችም። እኔ ብሆን በሁለት ገጽ እናገረው ነበር።

ነሐሴ 2

ክሱን ላነሳ ሄድኩ። ሰማኸኝ በሩን ገርበብ አድርጎ "በመሠረቱ ሁለት ሽማግሌዎች ተጠርተዋል። ምን ልናይ ነው የመጣነው ሊሉ ነው?" አለ። ለካስ ክስ ከገባ በኋላ የከሳሽ መሆኑ ይቀራል። ይህን ለስንት ሰው አስረድቻለሁ! ለራሴ ማንም አላስረዳኝም።

ነሐሴ 5

የሽሮውን ድስት ልመልስ ሄድኩ። ባዶ ድስት አይመለስም፣ ዳቦ ከተትኩበት።

ሥርጉት መስኮቱ ሥር እጅጌ በእጇ ትሰፋለች። አመልካች ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"መርፌ ነው። ጋሼ ይግቡ እንጂ፣ ዝናብ አይምታዎት።"

ጥፋቱ የኔ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። "ዘንድሮ ዝናቡ በዛ" አልኩ። "በዛ" አለች። ተመለስኩ።

ጅል።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡20

መጡ። ሰማኸኝና ሁለት ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ሶፋው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ። ሰማኸኝ ወደ ግድግዳው "ይነሳ!" ሲል መኪናው ተነሳ። ከሁለት ሳምንት በኋላ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰማኸኝ "በመሠረቱ ይሰማል" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ከወዲያም በኩል መታየት አለበት ብለው ሁሉም ሥርጉት ቤት ገቡ። እኔ እዚሁ እንድጠብቅ፣ አንዳች ነገርም እንዳልነካ ታዝዣለሁ።

መኪናው ቆመ። ዝም ብሎ መጠበቅ አልችልበትም፤ ስለዚህ ልጻፍ። በልቤ።

ሰማኸኝ በጭቃ ጫማው ምንጣፌን ረግጦታል። አውልቅ ይባላል ሰብሳቢ? ይህ ሰው ያለው ሀብት ማኅተምና "በመሠረቱ" ናቸው። እዚህ በተቀመጠባት ጥቂት ደቂቃ አሥራ አራት ጊዜ አለ፣ ቆጥሬዋለሁ። ያቺን ቃል ቢቀሙት ዲዳ ሆኖ ይቀራል።

እና ይህ ሰው ነው የሚፈርድባት። ይከለክላታል፤ ክሱን ጥሩ አድርጌ ነዋ የጻፍኩት! የሠላሳ አራት ዓመት ችሎታዬን አጠራቅሜ አጠራቅሜ ብቻዋን በምትኖር ልብስ ሰፊ ላይ አራገፍኩት። አባይነሽ ብትኖር "አንተ ሰውዬ" ትለኝ ነበር። ሌላ ምንም አትጨምርም፤ የሚያስፈራው እሱ ነው።

መኪናው ምን አጠፋ? ሃያ ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ግድግዳዬ ስለነበረ ነው። ቁረጥ ያልኩት እኔ። ይርጋ ቀለለ ሲለኝ የሳቅኩት እኔ። ለዘጠኝ ሰው መቀመጫ ብዬ የአንድ ሰው እንጀራ። ደግሞ የትኛው ዘጠኝ ሰው? እዚህ ቤት የሰው ድምፅ የሚገባው በዚያ ግድግዳ በኩል ብቻ ነው። ጠዋት ስትነሳ እነሳለሁ፤ ስታስነጥስ እኔም አፍንጫዬን ይበላኛል። መኪናው ከቆመ ወዲህ ለምን ከአልጋ እንደምወርድ ግራ ገብቶኛል። ይህን ለነፃነት አልነግራትም፤ ለማንም አልነግርም። ለዚያች ሴት ደግሞ በጭራሽ

በር ተንኳኳ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

የሆነውን በቅደም ተከተል ላስፍር፤ እስካሁን አልገባኝም።

በሩን ስከፍት ሰማኸኝ ጫማውን በእጁ ይዞ በካልሲ ቆሟል። አንደኛው ሽማግሌ ኮርኒስ ኮርኒሱን ያያል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሥርጉት ከኋላቸው የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛለች። ዓይኗ ቀልቷል። ከሳቅ ይሁን ከሌላ ነገር መለየት አልቻልኩም።

"ቃሌን ልስጥ?" አልኩ።

"ሰጥተዋል" አለ ሰማኸኝ።

"መቼ?"

"አሁን።"

"ለማን?"

"ለሁላችንም።" ጉሮሮውን ጠረገ። "በመሠ..." አለና ዋጣት። ከንፈሩ ሌላ ቃል ሲፈልግ ቆየ። "እንግዲህ" አለ በመጨረሻ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

እንግዲህ ውሳኔው ይህ ነው። መኪናው ዛሬውኑ ሥራ ይጀምራል። በመካከል ያለው ግድግዳ የሥርጉት ስለሆነ አቶ ምንይሉ የራሳቸውን ግድግዳ እንደነበረ ሠርተው ይመልሱ።

"እስከ መቼ?"

ሰማኸኝ ሥርጉትን አየ። ሥርጉት መሬት መሬቱን አየች። "ቀን አልተቆረጠለትም" አለ።

ቀን ያልተቆረጠለት ውሳኔ ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ከተማ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ፋይል ውስጥ አርጅቶ ይቀራል።

ሰማኸኝ ሲወጣ "ምንጣፉ በሳሙና ሲታሽ ይለቃል" አለኝ። ስለ ምንጣፌ ምን አገባው?

ሥርጉት ደጃፉ ላይ ቀረች። "ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ባክኖብኛል። እጅጌውን መኪናው ያደርስልኛል፤ ቁልፍ የሚተክልልኝ ግን አጣሁ። እጅዎ መርፌ ይይዛል?"

"ብዕር የያዘ እጅ መርፌ ያቅተዋል?"

ያቅተዋል ለካ።

ነሐሴ 9

12፡30። ሎንቺናው ተነሳ። ተነሳሁ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ። ሶፋው ላይ ሰማያዊ ሸሚዝ ተቆልሏል፤ ዘጠኙም ቦታ ተይዟል፣ እኔ ወለል ላይ ወርጃለሁ። ዛሬ አንዱን ተክዬ ሳበቃ "ጋሼ፣ ገልብጠውታል!" አለች ከወዲያ ማዶ።

"ሳታዪ እንዴት አወቅሽ?"

"ሲወጋዎት 'ወይኔ' ይላሉ። ሲገለብጡት 'እሰይ' ይላሉ።"

አየሁት። ገልብጬዋለሁ።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

የመጨረሻው ሸሚዝ ዛሬ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ ራሱ በባጃጅ መጥቶ ወሰደው። በዚያ ሁሉ ሸሚዝ ውስጥ ሁለት ቁልፍ ብቻ ጠማማ ተገኘ፤ የማን እንደሆኑ አልተጠየቀም።

ከሰዓት በኋላ ሥርጉት መኪናዋን ስታጸዳ መዝሙሩን ጀመረች። አንደኛው ስንኝ። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ትንፋሼን ያዝኩ። ክር የለም፣ የሚቆርጣት የለም፤ አለፈችው። አራተኛ ስንኝ አለው! አምስተኛም አለው! ለካ ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ነው የሚመለሰው። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ የጠበቅኩት?

ጨርሳ አስነጠሰች።

"ይማርሽ!" አልኩ።

"ያኑርዎት!" አለ ግድግዳው።

መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ነፃነት ከባሏና ከልጆቿ ጋር መጣች። ሥርጉትም ዳቦ ይዛ መጣች። ልጆቹ ሶፋው ላይ እየዘለሉ ቦታ አላስተረፉም።

"አባዬ፣ ዕቃህን አልሸከፍክም እኮ። ጩኸቱስ?"

"የምን ጩኸት?"

ሥርጉትን ትን አላት። ነፃነት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች። ቀጥሎ ግድግዳውን አየችው፤ ጠጋ ብላ በጣቷ አንኳኳችው። የእናቷ ልጅ ናት፣ ምንም አላለችም። ሲሄዱ ግን በመጡበት መኪና መስኮት ብቅ ብላ "ለሥርጉት ስልክ ቁጥሬን ሰጥቻታለሁ። አንተ ስታጋንን እሷ ታርምልኛለች" አለችኝ።

መስከረም 5፣ ሰኞ

ይርጋ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ መጣ።

"ጋሼ፣ ግድግዳው ይመለስ ተብሏል አሉ። ጭቃውን መቼ ላቡካ?"

"ዝናቡ ይቁም። በዝናብ ጭቃ አይደርቅም።"

"ቆሟል እኮ።"

"እንግዲያው መስቀል ይለፍ።"

"ከመስቀል በኋላስ?"

"ከመስቀል በኋላ ውርጭ ነው። በውርጭ ጭቃ ይሰነጠቃል።"

ይርጋ ሃያ ዓመት ግንበኛ ነው። እንዲህ ያለ የጭቃ ጠባይ ሰምቶ እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ይነበባል። አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ እኔን አየና የጠቀለለውን የሱሪ እግር ወደ ታች ዘረጋው።

ለመዝገብ ያህል፦ ግንባታው የዘገየው በጭቃው ጠባይ ብቻ ሲሆን፣ አመልካች ከዚህ ውጪ የደበቀው አንዳችም ምክንያት የለውም። ሶፋውም ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ይህን ሁሉ ድምፄን ሳላወጣ፣ በልቤ ጻፍኩት።

ወዲያ ማዶ መኪናው ቆመ።

"ጋሼ!"

"አቤት!"

"የጭቃው ላይ በጣም ተቻኮሉ። እስቲ ሁለተኛ ያንብቡት።"

አነበብኩት።